የወንድሜ ክርስትና

ሱራፌልን ያወቅሁት መርፌ ሲወጋ ነው።

በ2006፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ናይሮቢ የምንማርበት ኮሌጅ የጤና ተማሪዎቹን ለሦስት ወር በበጎ ፈቃደኝነት ወደ ገጠር ሊልክ ዝግጅት ላይ ነበር። ከመሄዳችን በፊት መከተብ ነበረብንና ግቢው ውስጥ ተሰልፈን ቆመናል። ከፊቴ ያለው ረጅም ቀጭን ልጅ ስዋሂሊውን ያንበለብለዋል፤ ኬንያዊ መስሎኝ ልብም አላልኩት። መርፌው ክንዱ ላይ ሲያርፍ ግን «ወይ እናቴ!» አለ፤ ያውም በአማርኛ።

ሳቄ አመለጠኝ።

«ሐበሻ ነህ እንዴ?»

ዞሮ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ከንፈሩ ግን ሊስቅ ይዳዳዋል።

«ነኝ። እባክሽ ለማንም እንዳትነግሪ፤ ሐበሻ መርፌ አይፈራም ብያቸዋለሁ።»

ናይሮቢ ያለ ሐበሻ እርስ በርሱ ይተዋወቃል ይባላል። እሱን ግን የትም አይቼው አላውቅም ነበር። እናቱ በሕፃንነቱ ሞታበታለች። አባቱ ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ጭነት የሚቆጣጠር ዝምተኛ ሰው ነው። ካሳራኒ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያን ይዞት የሚሄድ፣ ይሄ ወግ ነው ያ ነውር ነው እያለ የሚቆጣው ዘመድ አልነበረውም። አማርኛውን ካባቱ ተማረ፣ የቀረውን ሁሉ ደግሞ ናይሮቢዎች ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ላይ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሥልጠና ነበረን። አስተባባሪያችን መምህርት አቺየንግ ሁለት ሁለት እያደረገች ታለማምደናለች፤ አንዱ የገጠር ቤት ባለቤት ይሆናል፣ ሌላው በር አንኳኩቶ የሚጠይቅ የጤና ሠራተኛ። እኔና ሱራፌል ደረሰን። ልምምዱ በስዋሂሊ ነው።

አየሩን አንኳኳ። «ደህና ዋልሽ እናቴ። ስንት ልጅ ወልደሻል?»

«ሁለት።»

«ሁለቱም ደህና ናቸው?»

«አንዱ ሞቶብኛል» አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። የተናገርኩት የእናቴን ነበር። እናትና አባቴ በደርግ ጊዜ በሞያሌ በኩል ሲሰደዱ የመጀመሪያ ልጃቸው መንገድ ላይ ታመመ። ወንድ ልጅ ነበር፣ አርባ ቀኑ እንኳ አልሞላም። ክሊኒክ የለ፣ ቄስ የለ፤ ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። መንገድ ዳር ቀበሩት። እኔ ከዚያ በኋላ የተወለድኩ ነኝ፤ ያን ቅዳሜ ሦስተኛው ልጇ ገና አልተወለደም ነበር።

ሱራፌል ልምምዱን አቆመ። ሌሎቹ ጥንዶች ይንጫጫሉ፣ መምህርት አቺየንግ ሰዓቷን ታያለች። እሱ ወንበሩን ወደኔ ሳብ አድርጎ «እንደዚህ የሚል ሰው ሲገጥመን ምን ማለት እንዳለብን እስካሁን አላስተማሩንም» አለኝ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ አብሮኝ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ ያን ቀን ወደድኩት።

እሱም እንደወደደኝ አውቅ ነበር። አልተናገረም እንጂ ዓይኑ ተናግሯል። ከሥልጠና በኋላ የሱ ማታቱ ወደ ቲካ መንገድ፣ የኔ ወደ ኪሊማኒ ነው፤ እሱ ግን የኔ እስኪመጣ ይቆማል። ሁለት ሦስት ማታቱ ባዶውን አልፎን ይሄዳል፣ አንዳችንም እጅ አናነሳም።

«ያኛው ጥሩ ሙዚቃ አልነበረውም» ይላል።

«አዎ፣ ሙዚቃው ደስ አይልም» እላለሁ። ወሬያችን ይኸው ነበር።

እኔ መሄድ የምፈልገው ወደ ሰሜን፣ ወደዚያው ወደ ሞያሌ መንገድ ነው። ኮሌጅ ከገባሁ ጀምሮ ያንን ስጎመጅ ነው የኖርኩት። በዚያ መንገድ ዳር ያለ የጤና ጣቢያ ሁለት ተማሪ እንደሚቀበል ሲነገር መምህርት አቺየንግን ደጅ ጠናኋት። በመጨረሻ ስሜን ጻፈችልኝ፣ ከሱራፌል ጋር።

ቤት ስናገር እናቴ ሕፃን እያጠባች ነበር። ከኔ በኋላ ሌላ ልጅ አልመጣ ብሏት፣ እኔ ሃያ አንድ ሲሞላኝ ደግሞ ወንድ ልጅ ወለደች። ኪሊማኒ ያለው የወላጆቼ ምግብ ቤት ለሳምንት ያህል እልልታ በእልልታ ነበር። አባቴ፣ አቶ ጌታቸው፣ ደንበኛ ሁሉ ፊት ሲያለቅስ ማፈር ትቶ ነበር።

«ወደዚያ በረሃ?» አለች እናቴ። «አንድ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አልሰጥም።»

«እማዬ፣ ስለሱ ብዬ እኮ ነው የምሄደው።»

«ከማን ጋር?»

ከወንድ ጋር መሆኑ ሲሰማ ነገሩ ባሰ። አባቴ «ልጁን አምጪውና እንየው» አለ። አመጣሁት።

አባቴ ገና ከበሩ ወደደው። ሱራፌል በልቶ አይጠግብም፣ «ጋሼ» እያለ በጥያቄ ያጣድፈዋል፣ ሲስቅ ቤቱን ያነቃንቀዋል። እናቴን «እትዬ መሠረት፣ ይሄን ሽሮ አባቴ ቢቀምሰው ሥራ ይለቅ ነበር» አላት። እሷም ሳቀች፣ ግን ዓይኗ ከኔ ላይ አልተነቀለም። ለሱ ውሃ ስቀዳ እጄን ታየኛለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ እናቴ «እሺ፣ ትሂድ» አለች። ደስታዬ ሊያበርረኝ ደረሰ። «በአንድ ነገር ብቻ። ሱራፌል ሕፃኑን ክርስትና ያንሳልን።»

አባቴ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «እንዴት ሳላስበው ቀረሁ!»

ያን እሑድ ምሳ ላይ ጠየቀው። ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ልጄ፣ የልጄን ክርስትና አንሳልኝ ልልህ ነው» አለው።

ሱራፌል ጉርሻውን መሶቡ ላይ መልሶ ቀና አለ። «እኔ? ጋሼ፣ እኔ እኮ ካባቴ በቀር ዘመድ የለኝም።»

«ከዛሬ ጀምሮ አለህ።»

አለቀሰ። ያን የሚያክል ልጅ፣ ሰው ፊት፣ በእጁ ጀርባ እንባውን እየጠረገ «እሺ ጋሼ፣ እሺ» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ማድቤት ገባሁ።

ነገሩ ለማያውቅ ልንገር። ወንድ ልጅን ክርስትና ያነሳ ሰው ለልጁ አባቱ ነው፤ ለወላጆቹ አበልጅ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ የሥጋ ያህል ዘመድ ይሆናል። መጽሐፉ ምን ድረስ እንደሚከለክል ቄስ ይጠየቅ። እናቴ ባደገችበት አገር ግን የአበልጅ ቤት አይጋባም፤ ቢሞቱም አይጋባም። ይሄን ሱራፌል ከየት ያውቀዋል? ማን ነግሮት?

እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«እማዬ፣ እያወቅሽ ነው።»

«ምኑን?»

«እያወቅሽ ነው ያደረግሽው።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ዓይን አለኝ እኮ ማዕረግ። ስሚኝ። ካልተዛመዳት ወንድ ጋር ሦስት ወር በረሃ ቆየች ከተባለ፣ እዚህ እየመጣ ከሚበላው ሰው አፉን የማይከፍትብሽ የለም። ከአበልጃቸው ጋር ሄደች ከተባለ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። መሄድ አይደል የፈለግሽው? ይኸው፣ መሄጃ።»

«እሱስ?»

«ሁለት ወዶ አይሆንም፣ ልጄ።»

ክፉ ሆና አልነበረም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ክርስትናው ለሚቀጥለው እሑድ ተቆረጠ፤ ጉዞው ለማግስቱ ሰኞ። በመሃል ያለውን ቀን ሁሉ ቃል ሳይወጣኝ ዞርኩ። ሱራፌል በደስታ እግሩ መሬት አይነካም፤ ለሕፃኑ ትንሽ የብር መስቀል ገዝቷል፣ ለአባቱም አዲስ ሸሚዝ። ረቡዕ ዕለት የሥልጠና ክፍላችን ስገባ፣ የሕፃን ትንፋሽ መመለስ የምንለማመድባትን አሻንጉሊት ታቅፎ ብቻውን ቆሟል።

«ማዕረግ፣ እንዲህ ነው የሚያዘው? ከእጄ ቢያመልጠኝስ? ቄሱ ሲጠይቁኝ ምንድን ነው የምለው?»

«ሱራ፣ አሻንጉሊቷን አስቀምጥና ስማኝ።»

«ምነው?»

«ወንድሜን ክርስትና ካነሳኸው እኔን ልታገባኝ አትችልም።»

ይኸው፣ አልኩት። ስለ ጋብቻ በመሃላችን ተነሥቶ አያውቅም፤ እወድሃለሁ እወድሻለሁ እንኳ አልተባባልንም። ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ቀድማ አታወጣም ተብዬ ነው ያደግሁት። ምን ላድርግ ታዲያ፣ እሑድ እየመጣ ነበር።

አሻንጉሊቷን አላስቀመጣትም። እንደታቀፋት ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ወጉን ነገርኩት፤ አንድም ነገር ሳይጠይቅ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ጋሼ ስለኛ ያውቃሉ?»

«አባዬ ምንም አያውቅም። ከልቡ ወዶህ ነው የጠየቀህ። እማዬ ታውቃለች።»

«እኔ እኮ…» አለና መሬት መሬት አየ። «እኔ እኮ ወደ አንቺ የሚያቀርበኝ መስሎኝ ነው እንደዚያ የተደሰትኩት።»

ከውጭ የተማሪ ጫጫታ ይሰማል።

«እምቢ ብልስ?» አለ በኋላ።

«ክርስትና አንሳ ተብሎ እምቢ አይባልም። ትልቅ ንቀት ነው። ደግሞ አንተ እምቢ ካልክ እኔን አይለቁኝም።»

«ስለዚህ ላንሳው።» ቀና አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሥራሽን ሥሪ። ያ መንገድ ላንቺ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ዘመድ ሆኜ እኖራለሁ፣ ሳዋ፣ ችግር የለም…»

ተናደድኩ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

«አንተ ማነህና ነው ለኔ የምትቆርጥልኝ? እናቴ ትቆርጥልኛለች፣ አንተ ትቆርጥልኛለህ! ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ይጥፋ?»

ደነገጠ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፤ «ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መሄድ እፈልጋለሁ። አንተንም እፈልጋለሁ። ከሁለቱ አንዱን አጉድዬ መውሰድ ካለብኝ፣ የሚጎድለውን የምመርጠው እኔ ነኝ።»

ከዚያው ተነሥቼ መምህርት አቺየንግ ቢሮ ገባሁ። ኪቱይ፣ ከናይሮቢ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ከአንዲት ሴት ተማሪ ጋር ጡረታ በወጣች አዋላጅ ቤት የሚያርፍ ሰው ይፈለግ ነበር። «እዚያ ልመደብ» አልኳት። መነጽሯን አወለቀች። «ሰሜን ካልሄድኩ ብለሽ ስታደርቂኝ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም?» አለችኝ። «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እሺ አለችኝ። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ወንድሜ የተቀበረበትን መንገድ ሳላየው ለሌላ ሰው ሰጠሁት።

ኪቱይን መምረጤን ነግሬው ነበርና በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሱራፌል ብቻውን ወደ ምግብ ቤቱ መጣ። ሰው ወጥቶ አልቋል፤ አባቴ ባንኮኒው አጠገብ ሻይ ይጠጣል። እኔ ከኋላ ብርጭቆ አደርቃለሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልለምን ነው የመጣሁት። ሕፃኑን ክርስትና ማንሳት አልችልም።»

አባቴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ምን አልክ?»

«አልችልም ጋሼ።»

«ናቅኸን?»

«ማዕረግን ስለምወዳት ነው። ካነሳሁት ለዘላለም አጣታለሁ። እርስዎን መዋሸት ደግሞ አልፈለግሁም።»

የአባቴ እጅ ብርጭቆው ላይ ቀረ። «አንድ ልጄን ያለ ክርስትና ቀብሬያለሁ» አለ። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ለዚህኛው አባት ሁነው ብዬ ከሰው ሁሉ መርጬህ፣ ቆሜ ለመንኩህ። እምቢ የተባልኩት በምን ዕዳዬ ነው?»

ሱራፌል ጉልበቱን ሊስም ዝቅ አለ። አባቴ እግሩን ሰበሰበ።

«ውጣልኝ።»

የብሩን መስቀል ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ይሄ የሱ ነው ጋሼ። ማንም ያንሳው፣ ይሄ የሱ ነው» አለና ወጣ። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ። ቢያየኝ አብሬው እወጣ ነበር መሰለኝ።

እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ ማድቤት በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ኪቱይ ነው የምሄደው» አልኳት። «ከሴት ጋር፣ አዋላጅ ቤት። ማንም አፉን የሚከፍትበት ነገር የለውም።»

«ሰሜኑንስ?»

«ተውኩት።»

«ለሱ ብለሽ?»

«ለራሴ ብዬ።»

አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «የልጅ ነገር መስሎኝ ነበር» አለች፣ ለኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም። «የልጅ ነገር ነው፣ ያልፋል ብዬ ነበር።»

ሕፃኑን ያነሳው የአባቴ ጓደኛ፣ የመኪና ዕቃ ነጋዴው አቶ ባንታየሁ ሆነ። እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሕፃኑ ከውሃው ሲወጣ ሳንባው እስኪወጣ አለቀሰ። እናቴም አብራው አለቀሰች። የምታለቅሰው ለሁለት ልጅ እንደሆነ እኔና አባቴ ገብቶናል።

ስንወጣ ሱራፌልን አየሁት። ከሁሉ ኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ሆኖ ቆሟል። ማንም አልጠራውም። አባቴ አይቶት አንገቱን አዞረና አለፈው። እናቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ወደሱ ሄደች።

«ክርስትና የመጣ ሰው ከደጅ አይመለስም። ና፣ ቅመስ» አለችው።

ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማስታጠቢያ ይዤ እንግዳ ለእንግዳ ስዞር ሱራፌል ጋ ደረስኩ። ጥግ ላይ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች መሃል ተቀምጧል። ውሃውን አፈሰስኩለት። እጁን ትቼ ፊቱን ሳይ ግማሹ ውሃ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው መኪናሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ጠዋት። ያንተስ?»

«ከሰዓት።»

ቀና ስል አባቴ ሕፃኑን ታቅፎ ከፊታችን ቆሟል። ልጁን እያዞረ ያስመርቀው ነበር፤ ሱራፌል ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። በዙሪያው ያለው ወሬ ሁሉ ጸጥ አለ። የብሩ መስቀል ሕፃኑ አንገት ላይ ነበር።

ሱራፌል ካጠገቤ ብድግ አለ።

«ነገ ነህ?» አለው አባቴ።

«አዎ ጋሼ።»

«በዚያው መንገድ?»

«በዚያው።»

አባቴ ሕፃኑን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረው። «ልጄ መንገዱ ዳር ነው ያረፈው። የቱ ጋ እንደሆነ ዛሬ እኔም አላገኘውም። ዝም ብለህ ስታልፍ…» ከዚያ ወዲያ አልቻለም።

«እሺ ጋሼ» አለ ሱራፌል። «ስሙ ማን ነበር?»

ስም የጠየቀን ሰው አልነበረም። አባቴ ጎንበስ ብሎ በጆሮው ነገረው። እኔ እስከዚያን ቀን ስሙን ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀንም አልሰማሁትም።

አባቴ ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። ሁለት እርምጃ ሄደና ዞረ።

«ስትመለስ ብቻህን እንዳትመጣብኝ» አለው፣ እንደ ተቆጣ ሰው። «ሰው ይዘህ ና።»

አቶ ባንታየሁ ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የሴት ልጅ አባት ለወንድ ልጅ «ሰው ይዘህ ና» ሲለው ሽማግሌ ላክ ማለቱ እንደሆነ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ከአንዱ በቀር ብዬ ሰጋሁ።

«ሱራ፣ ምን እንዳለህ…»

«አትንገሪኝ» አለኝ። ፊቱ በእንባ ርሷል። «ይሄኛው ገብቶኛል።»